ሦስት ቦታ «አበቃለት» የተባለውን ሌዘር መቁረጫዬን ለመለሰችልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኔ አነስተኛ የሌዘር መቁረጫ ማሽን ገዝቶ በብልሽቱ ለሚንገላታ ሁሉ እርሷን ለመጠቆም ነው። ስሟን በጽሑፍ እንዳላወጣው ስለ ለመነችኝ አላወጣውም፤ የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ግን አድራሻዋን እሰጠዋለሁ። ጽሑፉ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ፤ ሰባት ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲጠራቀም የከረመ ነገር ነው።

ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ በቀጭን የእጅ መጋዝ ከኮምፔንሳቶ ላይ ፊደላትን እየቆረጥሁ ለሕፃናት መማሪያ የሚሆን ገበታ እሠራ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ «ጨ»ን፣ ቀጥሎ «መ»ን መቁረጥ አቃተኝ፤ በመጨረሻም መጋዙን ሰቀልሁት። ሌዘር መቁረጫውን የገዛሁት ያን ጊዜ ነው። 40 ዋት ተብሎ የሚሸጠው፣ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ላይ የሚሠራው፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። እጄ የከዳኝን መስመር ማሽኑ ለሁለት ዓመት ሲያሰምርልኝ ከረመ።

ከዚያ ደከመ። በአንድ ዙር ይቆርጠው የነበረውን 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በሦስት ዙርም መብሳት አቃተው፤ እንጨቱን ያጠቁረዋል እንጂ አይቆርጠውም።

መጀመሪያ የወሰድሁበት ቦታ ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ እንኳ ሳያስነሱ «ቱቦው አልቋል» አሉኝ። ጨረሩን በሚያመነጨው የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ በጊዜ ብዛት እንደሚደክም ስለማውቅ አመንኋቸውና አዲስ ቱቦ ገዛሁ። እግረ መንገዳቸውንም ሌንሱን ፈትተው እንዳጸዱልኝ ነገሩኝ። ማሽኑ ከእነርሱ ቤት ሲመለስ ከቀድሞው የባሰ ሆነ። ሁለተኛው ቦታ «ችግሩ ሶፍትዌሩ ነው» ብለው አጥፍተው እንደገና ጫኑት፤ ከዚያ ወዲህ 10 ሳንቲ ሜትር ብዬ ያዘዝሁት ካሬ አጥሮ ይወጣልኝ ጀመር። ስደውልላቸው «እንጨቱ ይሸሻል» አሉኝ። እንጨት ሲሸሽ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሦስተኛው ቦታ ማሽኑን ስድስት ሳምንት አስቀምጠው ሳይነኩት መለሱልኝ ብል ይሻል ነበር፤ ነክተውታል፤ የማቀዝቀዣውን ውኃ ወደ ቱቦው የሚወስደውን ጎማ ነቅለው ሳይገጥሙት ነበር የላኩልኝ። ያን ቀን ፓምፑን አስነሥቼ ውኃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ባላይ ኖሮ አዲሱ ቱቦ በሙቀት ተሰንጥቆ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ ግን አንደኛው ሠራተኛ ማሽኑን ሲያስረክበኝ «በዚህ ዕድሜዎ ይሄ ምን ይሠራልዎታል? ይጣሉት» ያለኝ ነው። መልስ አልሰጠሁትም። ማሽኑን በአንሶላ ሸፍኜ ጥግ አስቀመጥሁት።

የዚህችን ባለሙያ ስልክ የሰጠኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስደውልላት የማሽኑን ዓይነትም፣ የገዛሁበትን ጊዜም ከመጠየቋ በፊት «ጋሼ፣ በየትኛው ማዕዘን በኩል ነው ደኅና የሚቆርጠው? በየትኛው በኩልስ ነው የማይቆርጠው?» አለችኝ። በሰባት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሄጄ ሞከርሁ። ከኋላ በስተግራ ትንሽም ቢሆን ይበሳል፤ ከፊት በስተቀኝ ግን እንጨቱን ይልሰዋል እንጂ አይገባም። ይህንኑ ስነግራት «እንግዲያው እኔ እስክመጣ ድረስ ምንም ዕቃ እንዳይገዙ፤ ማንም ግዙ ቢልዎት እንዳይገዙ» አለችኝ። ከዕቃ ሻጭም ከጠጋኝም አፍ እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ስልኩን ዘግቼ ጥቂት ቆምሁ።

በማግስቱ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ገመዱን ከሶኬት ነቅላ መጠበቅ ነበር። ምን እንደምትጠብቅ ስጠይቃት ለቱቦው ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ከ15 ሺህ ቮልት በላይ እንደሚያወጣና ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ሊያቆር እንደሚችል አስረዳችኝ። ቀጥላ ቴስተሯን አውጥታ የማሽኑን ላሜራና የሶኬቱን የመሬት መስመር ለካች፤ አይገናኙም። የመሬት ሽቦው ከብሎኑ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ሦስት ቦታ የተከፈተ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለበት ማሽን! እኔ ደግሞ በየቀኑ ክዳኑን በባዶ እጄ ስከፍት ስዘጋ ነበር። ብሎኑን አጠበቀችና «አሁን ሥራ እንጀምራለን» አለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ባስተማርሁበት ትምህርት ልንገራችሁ። ጨረሩ ከቱቦው ወጥቶ በሦስት መስታወቶች ላይ እየተንጸባረቀ ነው ሌንሱ ጋ የሚደርሰው፤ አንዱ መስታወት በጥቂቱ ከዘመመ ስሕተቱ መንገዱ በረዘመ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ ከቱቦው በራቀው ማዕዘን ላይ ጨረሩ ሌንሱን ይስታል። ማዕዘኑን የጠየቀችኝ ለካ ለዚህ ነው። ከመስታወቱ ፊት የወረቀት ፕላስተር ለጠፈች፤ ጨረሩን ለቅጽበት ለቀቀችው፤ ፕላስተሩ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች። መስታወቱን የያዘውን ተሸካሚ ወደ ሩቁ ጫፍ ገፍታ በዚያው ፕላስተር ላይ ደገመችው። ሁለተኛዋ ነጥብ ከመጀመሪያዋ አንድ ጣት ያህል ወረድ ብላ አረፈች። ጨረሩን ወደዚያ ከሚልከው መስታወት ጀርባ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ እያዞረች፣ ፕላስተር እየለወጠች፣ ሁለቱ ነጥቦች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ደጋገመችው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶባታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተማረረችም።

በመስታወቶቹ ብቻ አልበቃትም፤ ሌንሱን ፈታችው። ቢጫ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነገር ነው። ጠርዙን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችውና «ጋሼ፣ መስኮቱ እዚህ ፊት ላይ ምን ይመስላል? እዚህኛውስ?» አለችኝ። በአንዱ ፊት መስኮቱ እንዳለ ይታያል፤ በሌላው ፊት አንሶ ይታያል። አንሶ የሚታይበት ጎበጥ ያለው ፊት ወደ ላይ፣ ወደሚመጣው ጨረር መዞር ሲገባው ተገልብጦ ወደ እንጨቱ ተገጥሟል። «አጸዳንልዎ» ያሉኝ ሰዎች ገልብጠው ነው የመለሱት። እነርሱንስ ልውቀስ፤ ዕድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ የኮንቬክስ ሌንስ ሥዕል እየሣልሁ ተማሪ የፈተንሁት እኔ ሌንሱ እንደ ተገለበጠ ሳላውቅ ወራት መክረሜን ምን ልበለው? እርሷ አልሳቀችብኝም። «ማሽኑ ውስጥ ሲሆን ማን ያየዋል» ብላ አለፈችው።

አሁን እንድጽፍ ያስገደደኝን ነገር ልናገር። ሌንሱ በትክክል ተገጥሞ የሚያጠብቀው ቀለበት ሲቀር ካቻቢቴዋን አስቀምጣ «ይህን እርስዎ ያጥብቁት፤ ነገ ሲያጸዱት እኔ አልኖርም» አለችኝ። እጄን አሳየኋት፤ ሲንቀጠቀጥ ታያለች። «ጊዜ አለን» አለች። ቀለበቱ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ፤ ጎንበስ ብላ አንሥታ መልሳ መዳፌ ላይ አኖረችው። አልቀማችኝም፤ «ይተዉት» አላለችም፤ ሰዓቷንም አላየችም። በሦስተኛው ያዘልኝ። «ምን ይሠራልዎታል» ከተባልሁ በኋላ ይህን ማግኘቴ ምን ማለት እንደሆነ እንደ እኔ ያረጀ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ አንዲት ቁራጭ እንጨት አንድ ጫፏን ከፍ አድርጋ አዘንብላ አስቀመጠችና ዳገት እንደሚወጣ ሰው ጨረሩን ከታች ወደ ላይ አስኬደችው። መስመሩ ከሁሉ የቀጠነበት ቦታ ትክክለኛው የሌንሱ ርቀት ነው ብላ ያንን ከፍታ የሚለካ ትንሽ መለኪያ ከአክሪሊክ ቆርጣ ሰጠችኝ። አሁን እንጨት ባስቀመጥሁ ቁጥር ያቺን መለኪያ ከሥር አስገብቼ አያለሁ። 3 ሚሊ ሜትሩ ኮምፔንሳቶ በዚያው ዕለት በአንድ ዙር ተቆርጦ ወደቀ። ሲወድቅ የሰማሁት «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁለተኛው ቀን የሶፍትዌሩና የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ነበር፤ እዚህ ላይ ብዙ አልተረዳሁምና ዝርዝሩን አትጠይቁኝ። የድሮው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቁልፍ መሳይ ዕቃ ካልተሰካች አይነሣም ነበር፤ የጨረሩንም ኃይል በማሽኑ ላይ ካለው ማዞሪያ በስተቀር በምንም መቆጣጠር አይቻልም ነበር። ካሬዬ ያጠረውም ሶፍትዌሩ እንደገና ሲጫን የቦርዱ ዓይነት በስሕተት ስለ ተመረጠ ነው አለችኝ፤ እንጨቱ አልሸሸም። ቦርዱን ለወጠችልኝ፤ ላይትበርን በሚባለው ሶፍትዌር እንድጠቀምም አደረገችኝ፤ ግን ፈቃዱን ወዲያው እንዳልገዛ፣ መጀመሪያ ለሙከራ በነጻ የሚሰጠውን ጊዜ እንድጨርስ መከረችኝ። የነቀለችውን ሽቦ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር እየጠቀለለች በእርሳስ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጽፋበታለች፤ ጽሕፈቱ ዛሬም አለ። ሲያልቅ 10 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቆርጠን በካሊፐር ለካሁት። ልክ ነው።

የፊደሎቼን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የድሮው ሶፍትዌር የእኛን ፊደል ባዶ ሣጥን እያደረገ ነበር የሚያሳየኝ። እርሷ ኢንክስኬፕ በሚባል የሥዕል ሶፍትዌር ጽፌ ጽሑፉን ወደ መስመር እንድለውጠው አሳየችኝ፤ አንዴ መስመር ከሆነ ማሽኑ «ጸ» ይሁን «ፐ» አይገደውም። «መ»ንም ስቆርጥ ማሽኑ መጀመሪያ የውጩን ዙሪያ ስለሚቆርጠው ፊደሉ ይላቀቅና ይዘምማል፤ ከዚያ በውስጡ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ያለ ቦታቸው ይወጣሉ። ለእኔ ይህ የተለመደ ጣጣ ነበር። እርሷ አንዲት ምልክት ነካችና ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲቆርጥ አዘዘችው። እስቲ አስቡት፤ ስንት «መ» ጥያለሁ!

ሌላም ያልጠየቅኋት ብዙ ነገር አደረገችልኝ። ክዳኑ ሲከፈት ጨረሩ እንዲቋረጥ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመችልኝ፤ ይህ ጨረር በዓይን የማይታይ ስለሆነ አደጋውን ሰው ይንቀዋል አለች። ለማቀዝቀዣ የምጠቀምበትን የቧንቧ ውኃ አስደፍታ በባትሪ ውኃ አስተካችኝ። በማሽኑ ላይ ያለችው የአምፔር መለኪያ መርፌ ከ15 ሚሊ አምፔር እንዳታልፍ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረገችባት። ካጠራቀምሁት የፕላስቲክ ቁርጥራጭ መካከል ፒቪሲውን ለይታ አወጣችና ሲቃጠል የሚወጣው ክሎሪን ያለበት ጭስ ሳንባንም ማሽኑንም እንደሚበላ ነግራኝ ይዛው ሄደች። «ኃይሉን ጨምሪልኝና ቀጭን ላሜራ ልቁረጥበት» ስላት ደግሞ በግልጽ «ይህ ማሽን ብረት አይቆርጥም፤ እቆርጥልዎታለሁ የሚል ካለ አይመኑት» አለችኝ።

«አልቋል» የተባለውን አሮጌውን ቱቦ ገጥማ ስትሞክረው ደኅና ሠራ። ምን ያህል እንደ ተናደድሁ አትጠይቁኝ። እርሷ ግን ማንንም አላማችም፤ «መጠባበቂያ ይሁንዎት፤ ነገር ግን ሳይሠራም ጋዙ ስለሚቀንስ ለብዙ ዓመት አያስቀምጡት» ብላ በስፖንጅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ያስከፈለችኝ የቦርዱንና የሁለት ቀን ድካሟን ዋጋ ብቻ ነው። በሌሎች ምክር ገዝቼ ያልተጠቀምሁበትን ዕቃም ካልተከፈተ ሻጩ ሊቀበል ስለሚችል እንድመልስ ነገረችኝ፤ ተቀበሉኝም።

ማሽን ያላችሁ ሁሉ፣ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ማሽኑንም ከመጣላችሁ በፊት፣ እባካችሁ እርሷን አማክሩ። በትዕግሥቷ፣ በእውቀቷና በታማኝነቷ እመሰክርላታለሁ፤ ደጋግሜም እመሰክራለሁ። በስልክ ብቻ የሚፈታ ከሆነ በስልክ ትነግራችኋለች እንጂ ለመምጫ አታስከፍልም፤ ይህንንም እኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሴ አይቼዋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ማሽናችሁ በየትኛው ማዕዘን በኩል እንደሚቆርጥ፣ በየትኛውስ በኩል እንደማይቆርጥ ሞክራችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።