ሪጅኑ የተከፈተ ዲቪዲ ዴክ፦ በየትኛው ገመድ፣ ለየትኛው ቴሌቪዥን?

ሪጅኑ የተከፈተ ዴክ ገዝቶ ምስሉ የደበዘዘበት ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በመከፈቱ ላይ ነው። «የተነካካ ዕቃ ምን ይጠበቃል!» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የመከፈቱ አይደለም። ዲቪዲ ዲስኮችና ዴኮች ለየዓለም ክፍሉ (ለየሪጅኑ) ተለይተው ይሸጣሉ፤ ሪጅን መክፈት ማለት ዴኩ ከሌላ አካባቢ የመጣ ዲስክ አላጫውትም እንዳይል ማድረግ ነው፤ ምስሉን የሚያወጣው ክፍል እንደነበረ ይቆያል። ለእኔ የሚያከራክሩት ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ምስሉ በየትኛው ገመድ ይወጣል? ዴኩስ ሁለቱን የቴሌቪዥን ሲስተሞች፣ ፓልንና ኤንቲኤስሲን፣ እንዴት ይይዛል?

መጀመሪያ ገመዱ። ከሁሉ ደካማው ቢጫው ጃክ፣ ማለትም ኮምፖዚት ነው። ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ይሄዳሉ። ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው ያስቸግረዋል። በቀለማት ድንበር ላይ የሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች የሚመጡት ከዚህ ነው። ኤስ-ቪዲዮ ሁለቱን ለይቶ ስለሚልክ የተሻለ ነው፤ ችግሩ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ ቀዳዳው የለም።

ኮምፖነንት ግን ሌላ ደረጃ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሦስት ገመዶች አሉት። ዲቪዲ ላይ ምስሉ የተቀመጠው አንድ ብርሃንና ሁለት የቀለም ልዩነት ሆኖ ነው፤ ኮምፖነንትም በዚያው አከፋፈል ይልከዋል። ፕሮግሬሲቭ፣ ማለትም የአንድ ፍሬም መስመሮች ሁሉ በአንዴ የሚታዩበት ምስልም ያስተላልፋል። የድምፁም አንዱ ጃክ ቀይ ስለሆነ ሲሰካ መሳሳት የተለመደ ነው። ቀለሙ ከተዛባ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ስካርት የሚባለው ሰፊ የአውሮፓ መሰኪያ ያለው ካጋጠማችሁ ሜኑው ላይ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ) የሚለውን ምረጡ። ካልሆነ በዚያ ትልቅ መሰኪያ ውስጥም ያው ኮምፖዚት ሊወጣ ይችላል።

ኤችዲኤምአይ ምስሉን በዲጂታል እንዳለ ያደርሳል። ለጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ርካሽ ኤችዲኤምአይ ያለው ዴክ፣ በቢጫ ገመድ ከተሰካ ውድ ዴክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «1080ፒ» ግን አያታልላችሁ። ዲስኩ ላይ ያለው 720 በ480 ወይም 720 በ576 ፒክስል ነው። ዴኩ ያንን ወደ 1920 በ1080 ይለጥጠዋል እንጂ ያልተቀዳ ዝርዝር አይጨምርም። ቴሌቪዥኑም ራሱ መለጠጥ ይችላል፤ ከርካሽ ዴክ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜም አለ። አንድ ትዕይንት ዴኩን አንዴ 1080ፒ፣ አንዴ 576ፒ ወይም 480ፒ ላይ አድርጋችሁ አወዳድሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሪጅኑ የተከፈተ ዴክ የምትገዙት የተለያየ አገር ዲስክ ልታዩ ነው። የአሜሪካና የጃፓን ዲስክ ኤንቲኤስሲ ነው፦ 480 መስመር፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም። የአውሮፓው በአብዛኛው ፓል ነው፦ 576 መስመር፣ 25 ፍሬም። የዴኩ ሴቲንግ «ፓል» ላይ ከተቆለፈ የአሜሪካው ዲስክ በግድ ይቀየራል። መስመሩ ይለጠጣል፣ ፍሬሞች ይጣላሉ ወይም ይደባለቃሉ። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞርና መጨረሻ ላይ ስሞች ሲያልፉ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ሰው «ዲስኩ ተበላሽቷል» የሚለው ያኔ ነው። መፍትሔው አንድ ሴቲንግ ነው፦ «አውቶ» ወይም «መልቲ» አድርጉት። ያኔ ዴኩ ዲስኩን እንዳለ ይልከዋል።

ቴሌቪዥኑ ግን የፓሉን 50ም የኤንቲኤስሲውን 60ም ኸርዝ መቀበል አለበት። በፓል አገሮች የሚሸጡት አብዛኞቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ። ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ውስጥ ግን 50ውን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ቴሌቪዥናችሁ እንዲህ ከሆነ ዴኩ ራሱ መቀየር አለበት፤ ስለዚህ ጥሩ መቀየሪያ ላለው ዴክ ገንዘብ መጨመር ተገቢ ነው። ሁለቱንም ለሚቀበል ቴሌቪዥን ግን ለመቀየሪያ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው።

ስለ አከፋፈቱም ትንሽ። በሪሞት ኮድ የሚከፈተው ቀላል ነው፣ ሳጥኑም አይነካም። ውስጡ ቺፕ የተጨመረበት ደግሞ የሠራው ሰው እጅ ይወስነዋል። በየትኛውም ቢከፈት ግን ሪጅኑን በእጅ መምረጥ የሚያስችል ይሻላል። አንዳንድ የሪጅን 1 (የአሜሪካና የካናዳ) ዲስኮች ዴኩ «ሁሉንም» ላይ መሆኑን ሲያዩ አንጫወትም ይላሉ፤ 1 ላይ ስታደርጉት ይሠራሉ።

እንግዲህ ምርጫው። ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋና ሁለቱንም ሲስተም የሚቀበል ከሆነ በሪሞት የሚከፈት፣ ኤችዲኤምአይ ያለው ተራ ዴክ ይበቃል። ሆዳሙ የድሮ ቴሌቪዥን ካላችሁ ኤችዲኤምአይ ምንም አይፈይድም፤ ኮምፖነንት ወይም ኤስ-ቪዲዮ ያለው የቆየ ጥሩ ዴክ ፈልጉ። የተከፈተ ብሉሬይ ማጫወቻም ለዲቪዲ ጥሩ ምስል ሊሰጥ ይችላል። ግን ሻጩን በደንብ ጠይቁ። የዲቪዲው ሪጅንና የብሉሬዩ ሪጅን ለየብቻ ናቸው፤ «ተከፍቷል» ሲባል የተከፈተው የዲቪዲው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሪጅኑ ተከፍቶም ፓል ዲቪዲ የማያጫውት አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ፓልና አንድ ኤንቲኤስሲ ዲስክ አስጫውታችሁ እዩ። ከኋላው የተለጠፈውንም የኤሌክትሪክ ጽሑፍ አንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለ የቮልት መቀየሪያ (ትራንስፎርመር) ሊያስፈልገው ይችላል።