የቱሉ ዲምቱው የእንቅልፍ ምክር አገልግሎት፦ ሌሊት 10 ሰዓት ለሚነቃ ሰው

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የሚሰጠውን የእንቅልፍ ምክር አገልግሎት የምመዝነው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት እየተሻለው ሳለ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ ዓይኑ አልከደን የሚለውን ሰው ምን ያህል ይረዳዋል የሚለው ነው።

ባለሙያዋ ኪኒን አያዙም። የሚከተሉት ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀውን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ሲሆን፣ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለአዋቂዎች በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው ይህንኑ ነው። ሌሊት መንቃት የድባቴ ምልክትም ሊሆን ስለሚችል፣ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ ምግብ ፍላጎቴና ስለ ስሜቴ አጥብቀው ጠየቁኝ፤ ሌላ ቦታ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያም ከባዱ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ እንደሚበዛ፣ ወደ ንጋት ግን የእንቅልፍ ጫናው (ሰውነት ለመተኛት ያለው ግፊት) ተሟጥጦ ኮርቲሶል የተባለው ሰውነትን ለመንቃት የሚያዘጋጅ ሆርሞን መጨመር ስለሚጀምር ብንን ማለት የማንም ሰው ተፈጥሮ እንደሆነ አስረዱኝ። እንቅልፉን ጨርሶ የሚያባርረው ስልክ አንስቶ ሰዓት ማየትና እስኪነጋ የቀረውን ማስላት ነው።

የአገልግሎቱ ዋና መሣሪያ በየጠዋቱ የሚሞላ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። የተኙበትና የተነሡበት ሰዓት ይጻፍበታል፤ በእጅ የተጨመረ አንድ ዓምድ ደግሞ የመጨረሻው ስኒ ስንት ሰዓት እንደተጠጣና አቦል፣ ቶና ወይስ በረካ እንደነበረ ይጠይቃል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሥራ መልስ ቡና ለሚያፈላ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከወረቀቱ በመነሣት አልጋ ላይ የምቆየው ከምሽቱ 5፡30 እስከ ንጋቱ 11፡30 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ በአልጋ ካሳለፍኩት ጊዜ 85 በመቶውን ስተኛ 15 ደቂቃ ይጨመርልኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ቀን ላይ ያንገላጅጃል። ሹፌር መሆን አለመሆኔንና የሚጥል በሽታ ይኖርብኝ እንደሆነ አስቀድመው መጠየቃቸው ስለዚህ ተገቢ ነበር።

ቅሬታዬ የሚታደለውን በራሪ ወረቀት ይመለከታል። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ይሂዱ ይላል፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚያድር ሰው ወዴት ይሂድ? ባለሙያዋ ስነግራቸው ኩሽና ውስጥ በርጩማ አስቀምጬ በደብዛዛ መብራት እንዳነብ መከሩኝ፤ ሠርቷልም፤ ሆኖም በራሪው ላይ መጻፍ የነበረበት ነገር ነው። በጾም ወራት ሌሊት ስለሚሰማው የድምፅ ማጉያ ሳነሣም የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውኝ አለፉ። የቀጠሮ አያያዙ ደግሞ ያስመርራል፤ ለተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ሰው ይቀጥራሉ።

ዛሬም 10 ሰዓት ላይ የምነቃባቸው ሌሊቶች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መልሶ ይወስደኛል። ለሠራተኛ የሚመቸው የቅዳሜ ከሰዓቱ ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያዝ፣ እየጠበቁ ሳለ ፎቶ ኮፒውን ከእንግዳ መቀበያ ወስዶ ሁለት ሳምንት ሞልቶ መሄድ ይሻላል፤ ባዶ እጁን የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ቀጠሮ የሚከፍለው ወረቀቱን ለመቀበል ያህል ነው።