የደሴው የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል፦ ምርመራው ደህና፣ ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን…

ደሴ ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች በአንዱ የሚሰጠውን የአእምሮ ጤና ተመላላሽ አገልግሎት ብዙ ሰው «የእብድ ክፍል» እያለ ይሸሸዋል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ግን አብዛኞቹ እንቅልፍ ያጡ፣ ሥራ ያስጠላቸው፣ ከጦርነቱ ወዲህ በር ጠበቅ ተደርጎ ሲዘጋ የሚደነግጡ፣ ልባቸው እየመታ ተመርምረው «ምንም የለባችሁም» የተባሉ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ አገልግሎቱ መጥቀሙ አያጠራጥርም።

ጤና መድን ያላችሁ በቀጥታ አትምጡ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ ሪፈር ማጻፍ አለባችሁ፤ ያለ ሪፈር ከመጣችሁ ከኪስ ትከፍላላችሁ። ደብተሩም የታደሰ ይሁን።

የምርመራው ጥንካሬ ጥያቄዎቹ ላይ ነው። ባለሙያው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ነገር ይጠይቃል፦ ደስታ ማጣት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት እያለ። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የወሎ ጨዋነት ጣጣ ያመጣል። «እንዴት ነዎት?» ሲባል «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የለመደ አፍ መጠይቁንም እንደ ሰላምታ ይመልሰዋል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ዜሮ ተጽፎለት ይወጣል። ምስጋናውን ካደረሱ በኋላ የሌሊቱን ነገር በቁጥር መናገር ይሻላል፦ ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሁ፣ በሳምንት ስንት ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ እሱን መደበቅ ከሁሉም የከፋ ነው።

ጎበዝ ባለሙያ የደም ምርመራም ያዛል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዳከም ልክ እንደ ድብርት ያደክማሉና ሳይታዘዝላችሁ ከቀረ ጠይቁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ለድብርት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፍሎክሰቲን 20 ሚሊግራም ነው፣ በቀን አንድ ፍሬ። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው በዚህ መሐል፣ ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ነው። ሁለተኛው መጣያ ሦስተኛው ወር ላይ ነው፦ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም። ከተሻለ በኋላም ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት መቀጠል አለበት፤ ሲቆምም በባለሙያ ምክር ቀስ እየተባለ ነው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት የመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ነው። ሁለት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሁለት አንድ ዓይነት የወረቀት ከረጢት ይቀበላል፤ በሁለቱም ላይ በእስክሪብቶ «1×1» (አንድ ፍሬ በቀን አንዴ) ተጽፏል፣ በቃ። ፍሎክሰቲን የሚያነቃ ስለሆነ የጠዋት ነው፤ ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ደግሞ የሚያስተኛ ስለሆነ የማታ ነው። የሁለቱ ሰዓት ሲቀያየር ሌሊቱን ዓይን ፈጦ ማደር፣ ቀን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ማንጎላጀት ይመጣል። ከመስኮቱ ሳትርቁ «ጠዋት» እና «ማታ» አስጽፉ። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ይገድላል፤ የሞት ሐሳብ ያለበት ሰው ካለ የአጭር ጊዜ ብቻ ይሰጠው፣ ከረጢቱንም ቤተሰብ ይያዝ።

ጫትን ማንም ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ከቀትር በኋላ ቅሞ ማታ በአሚትሪፕቲሊን ለመተኛት መሞከር አንዱን በሬ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች እንደ መጥመድ ነው። ከዚያም «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል።

ጾሙን በተመለከተ ክፍሉ ጥሩ ልምድ አለው። በረመዳን ፍሎክሰቲን በሱሁር፣ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ሲተኙ ይዋጣል። እንደ ካርባማዜፒን (ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጥ) በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ ሕመሙን የሚመልሰው ጸበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን ማቆሙ ነው። መስከረም 21 ግሸን የምትወጡ ቀጠሯችሁን አስቀድማችሁ ያዙ።

የንግግር ሕክምናው ግን ስሙ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለሙያው ጠባዩ መልካም ነው፣ «አብሽር» ማለት ያውቅበታል፤ ይሁንና ሰው ሊያለቅስ ሲል ካርድ የያዘ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል። በሩ እንዲዘጋ መጠየቅ መብት ነው። ከወግዲ ወይም ከደላንታ ለሚመጣ ሰው በየሳምንቱ መመላለስ ስለማይሆንለት፣ አንድ የቤት ሥራ ይዞ መውጣት ይበጀዋል፦ ትቶት ከነበረው ነገር ሁለት ትንንሽ መርጦ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጦ፣ በወረቀት አስጽፎ። ለምሳሌ ማክሰኞ ጠዋት ለቡና ጎረቤት መጥራት፣ ዓርብ ጁምዓ ቀርቶ ከሆነ መመለስ። «ተዝናና» የሚል ምክር ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ምንም አልያዘም።

መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ሰባት ፍሬ ሲቀር መፈለግ ጀምሩ፤ ከግል ፋርማሲ ስትገዙም የሚሊግራሙን ቁጥር ከአሮጌው ከረጢት ጋር አስተያዩ። የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊትም ይቀበላል።