ሜሎዳይን 5 አሲስታንት ከዓመት አገልግሎት በኋላ፦ ከጎጃም ዘፈን ጋር እንዴት ተስማማ?

የተቀረፀን የዘፋኝ ድምፅ ኖት በኖት የሚያርመው ሶፍትዌር፣ ሜሎዳይን፣ ቅኝት አያውቅም፤ የሚያውቀው ኖት ብቻ ነው። ይህን ይዞ የገባ ሰው ሶፍትዌሩን ይወደዋል፣ ሳይዝ የገባ ደግሞ ጥሩ ዘፋኝ ቀርፆ ኪቦርድ የመሰለ ድምፅ ይዞ ይወጣል። ከዚህ በታች ያለው ሜሎዳይን 5 አሲስታንት ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ከዓመት በላይ ሲሠራበት የታየው ነው። ሥራው በአብዛኛው የጎጃም ባህላዊ ዘፈን፣ አልፎ አልፎም መዝሙርና ዘመናዊ ነው። መቅረጫ ሶፍትዌሩ ሪፐር፣ ኮምፒዩተሩ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ነው፤ ለአንድ የድምፅ ትራክ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የትኛው ደረጃ?

የሚሠራው ሙኒክ ከተማ ያለው ሴሌሞኒ ሲሆን 5ኛው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ኢሴንሻል፣ አሲስታንት፣ ኤዲተርና ስቱዲዮ የሚባሉ አራት ደረጃዎች አሉት። ኢሴንሻል ከአንዳንድ የመቅረጫ ሶፍትዌሮች ጋር ተመርቆ ስለሚመጣ ብዙው ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። ኖት ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ መቁረጥ፣ ጊዜ ማስተካከል ይቻልበታል። የጎደለው ግን ለእኛ ዘፈን ዋናው ነገር ነው፦ በአንድ ኖት ውስጥ ድምፁ ቀስ እያለ የሚንሸራተትበትን ድሪፍት እና የሚርገበገብበትን ሞጁሌሽን ለየብቻ የሚነኩት ሁለቱ መሣሪያዎች። አሲስታንት ሁለቱም አሉት። ኤዲተር ደግሞ ብዙ ድምፅ በአንዴ የሚያወጡትን፣ ለምሳሌ ክራርና ጊታርን፣ ኖት በኖት ለያይቶ ያሳያል። ለዘፋኝ ድምፅ ብቻ ከሆነ አሲስታንት ይበቃል። የ30 ቀን ነፃ ሙከራ አለው፤ ሆኖም ሙከራው ትልቁን ደረጃ ስለሚያሳይ እዚያ ያያችሁት ሁሉ አሲስታንት ላይ እንደማይገኝ አስቀድማችሁ እወቁ።

ቅኝትና ስኬል

ሲ የተባለውን ኖት መነሻ ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ትዝታ ማይነር ላይ ኢ እና ኤ ፍላት ይሆናሉ፣ ማለትም ግማሽ ቶን ዝቅ ይላሉ። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ፒያኖ ላይ እንዲህ ይቀመጡ እንጂ በመሰንቆና በጉሮሮ ሲዘፈኑ፣ በተለይ አንቺሆዬ፣ ከፒያኖው ልክ ወጣ ይላሉ። አንድ ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው። ዘፋኟ የአምባሰሏን ዲ ፍላት 25 ሴንት ከፍ አድርጋ ብትይዘው ሶፍትዌሩ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል፣ የስህተት ማረሚያው መስኮትም ደስ ብሎት ያወርደዋል። ዜማው ያን ጊዜ ይሞታል።

መለያው ቀላል ነው። ያንኑ ኖት በዘፈኑ ውስጥ በሦስት አራት ቦታ ጠቅ እያደረጋችሁ የሴንቱን ቁጥር አንብቡ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገንና በተቀራራቢ መጠን ከሆነ የቅኝቱ ጠባይ ነው፣ አትንኩት። አንዴ 30 ከፍ፣ አንዴ 40 ዝቅ የሚል ከሆነ ግን መሳት ነው፤ ይታረማል።

ሁለተኛው ወጥመድ የክራሩ መቃኛ ነው። ካልነገሩት በቀር የሜሎዳይን መለኪያ የሚነሳው ኤ የተባለውን ኖት 440 ኸርዝ ከማድረግ ነው። ክራሩ በጆሮ ተቃኝቶ 30 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ማለትም ኤ ወደ 432 ኸርዝ ከተጠጋ፣ ዘፋኙም ክራሩን ተከትሎ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ትክክል ነው የዘፈነው። ኖቶቹ ሁሉ ወደ 440 ሲሳቡ ግን ድምፁ ከክራሩ ጋር ይጣላል፣ አድማጭም ጥፋቱን በዘፋኙ ያላክካል። ስለዚህ ከቀረፃ በፊት ክራሩ በቲውነር ይቃኝ፣ ጅማቱ እየላላ ስለሚሄድ በየቴኩ (አንዱን ዘፈን ደጋግሞ በመቅረፅ) መሐል ይፈተሽ። ነገሩ አንዴ ከተቀረፀ በኋላ የታወቀ ከሆነ ድምፁን በ440 አርማችሁ ወደ አዲስ ዌቭ አውጡት፣ ከዚያ ሪፐር ውስጥ በክሊፑ ንብረት መስኮት 30 ሴንት ዝቅ አድርጉት። ጆሮ የሚይዘው ለውጥ የለም።

አዝማሪና መሰንቆው

እዚህ ላይ ነው ሶፍትዌሩ እጅ የሚሰጠው። አዝማሪ ራሱ እየመታ ይዘፍናል፤ መሰንቆው ያንኑ ዜማ ትንሽ ወደኋላ፣ ትንሽ እየቀባባ ይከተላል። ሁለቱ በአንድ ማይክ ከገቡ ሜሎዲክ የሚባለው፣ ለነጠላ ድምፅ የተሠራው አልጎሪዝም እንደ አንድ ድምፅ ያያቸዋል። ኖቱን 40 ሴንት ስታነሱ መሰንቆውም አብሮ ይነሳል፣ ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ የብረት ድምፅ ይፈጠራል። ኤዲተርን ገዝቶ ብዙ ድምፅ የሚለያየውን ፖሊፎኒክ መሞከርም ብዙ አያዋጣም፤ ሁለቱ አንድ ኖት ላይ ሲገናኙ ሃርሞኒኮቻቸው (ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚወጡት ድምፆች) ስለሚደራረቡ ንጹሕ አይለዩም።

መፍትሔው ያለው ከሶፍትዌሩ በፊት ነው። ኤስኤም 58ን የመሰለ ዳይናሚክ ማይክ ከአፉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ማይክ ከታች ወደ መሰንቆው ቆዳ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጀርባውን ለአፉ ሰጥቶ። ከዚያ ሳይዘፍን መሰንቆውን ብቻ እንዲመታ አድርጉና የድምፁን ትራክ መለኪያ እዩ፤ ሲዘፍን ከሚያሳየው ቢያንስ 15 ዴሲቤል ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ማይኮቹን አንቀሳቅሱ እንጂ «በኋላ እናጸዳዋለን» አይባልም። መሰንቆውን አስቀድሞ ቀርፆ ድምፁን በሄድፎን ብቻ ማስቀረፅ ለሶፍትዌሩ ይመቻል፣ ለአዝማሪው ግን አይመችም፦ እጁ ሥራ ሲፈታ ትንፋሹና የስንኙ አጣጣል ይለወጣል። የሚሻለው ሁለቱን አንድ ላይ ቀርፆ በጣም የሳተውን ስንኝ ብቻ መልሶ ማስዘፈን ነው።

አሠራሩ

መጀመሪያ ከሦስት አራት ቴክ ጥሩ ጥሩውን መርጣችሁ አንድ ትራክ ሥሩ። የሚጣል ቴክ ላይ እርማት መሥራት ጊዜ ማባከን ነው። ሪቨርብና ኮምፕሬሰር ሳይኖር ሜሎዳይን የመጀመሪያው ፕለጊን ሆኖ ይግባ። ሪፐር ኤአርኤን፣ ማለትም ፕለጊኑ ክሊፑን በቀጥታ ከመቅረጫው የሚያነብበትን መንገድ፣ ስለሚደግፍ ክሊፑ ወዲያው ይነበባል፤ ይህ በሌለበት መቅረጫ ግን ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር እያጫወቱ ማስገባት ግድ ነው።

አንዳች ሳትነኩ የኖት መለያ መስኮቱን ክፈቱ። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ብዙው ብልሽትም የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘፋኙ ደረቱ ላይ ዝቅ ሲል ሶፍትዌሩ ሃርሞኒኩን ዋና ድምፅ አድርጎ ኖቱን አንድ ኦክታቭ ከፍ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ እዚያው ወደ ቦታው ይመለስ። አንድ ላይ የተጣበቁ የቃል ቀለሞችን ቁረጡ፣ ያለ ምክንያት የተቆራረጠ ርግብግቢትን ደግሞ መልሳችሁ ግጠሙ።

ከዚያ በኋላ ዓይንን ከስክሪኑ ማንሳት ነው። ዘፈኑን ከሙዚቃው ጋር ስሙ፣ ጆሮ የጎረበጠውን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። ስክሪን የሚያይ ሰው ያላመመውን ሁሉ ያክማል። ምልክት የተደረገበትን ኖት በእጅ ወደ ልኩ አምጡት፤ ረጅም ኖት መጨረሻው ላይ እየወረደ ከሆነ ድሪፍቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ሞጁሌሽኑን ግን ተዉት። ሁሉንም ኖት በአንዴ የሚያርመው የስህተት ማረሚያ መስኮት የግድ ከሆነ የፒች ማዕከል (ኖቱ ወደ ልኩ የሚሳብበት መጠን) ከ60 እስከ 70 በመቶ፣ ድሪፍት ከ20 በመቶ በታች ይሁን። እስከ 50 ሴንት ማንሳት አይታወቅም፤ ከሁለት ግማሽ ቶን በላይ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። እንዲህ ሲሠራ የአራት ደቂቃ ዘፈን አንድ ድምፅ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

መዝሙር ላይ፣ በተለይ ያሬዳዊ ዜማ ካለበት፣ ርክርኩንና ሂደቱን ጨርሶ አትንኩ። የሚያርፍበትን ኖት ብቻ አስተካክሉ። በመሐል ያለው መንሸራተት ራሱ ዜማው ነው።

ስለ ተነባቢዎቻችን፦ 5ኛው ስሪት ስ፣ ሽ፣ ዝ የመሳሰሉትን ከድምፁ ለይቶ ስለሚያውቅ ኖቱ ሲነሳ እነሱ ባሉበት ይቆያሉ፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ጥ፣ ቅ እና ጭ ግን ያስቸግሩታል። ከእነሱ በኋላ ያለው አናባቢ ከታች ተነስቶ ስለሚገባ ሶፍትዌሩ ያቺን አጭር መግቢያ እንደ ራሷ ኖት ይቆርጣታል። ከዋናው ኖት ጋር ካልተገጠመች «ቀረ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ የተባለ ይመስላል።

እልልታ፣ ሽለላና ፉከራ ያለበትን ቁራጭ ከክሊፑ ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ትራክ አውጡ። የሚታረም ኖት የላቸውም፤ እልልታ ውስጥ ደግሞ ምላሱ በፍጥነት ስለሚመላለስ የሚወጣው ንባብ ትርጉም የለሽ ነው። ተቀባዮች በአንድ ማይክ ከበው ከተቀረፁም እንዲሁ ተዉት። ማረም ካስፈለገ ለየብቻ ይቀረፁ፤ ሁሉንም መቶ በመቶ ማጥበቅ ግን አምስት ሰው የዘፈነውን አንድ ሰው ያስመስለዋል።

ርካሹና ፈጣኑ አማራጭ

ገንዘብ ከሌለ ሪፐር ውስጥ ያለው ድምፅ ማረሚያ፣ ሪያቲውን፣ አለ። የተፈቀዱ ኖቶችን አንድ በአንድ ማብራትና ማጥፋት ስለሚቻል አምስቱን የቅኝት ኖቶች ብቻ መተው ይቻላል። የአንታሬስ አውቶቲውንም ለዘመናዊ ሥራ ፈጣን ነው። ሁለቱም ላይ ግን ችግሩ አንድ ነው፦ አምባሰል ውስጥ ከዲ ፍላት እስከ ኤፍ አራት ግማሽ ቶን ባዶ ነው፣ ዘፋኙ በዚያ ክፍተት ሲንሸራተት ፈጣን እርማት መሐል ላይ ዘሎ ይወረውረዋል። አስራ ሁለቱም ኖት ከተከፈተ ደግሞ መንሸራተቱ ደረጃ በደረጃ ይሰበራል። አውቶቲውን ላይ አምስት ኖት መርጣችሁ ፍሌክስ ቲውንን ከፍ አድርጉ፤ ድምፁ ወደ ኖቱ ሲጠጋ ብቻ ያርማል፣ መንገዱን ይተወዋል። የእርማቱ ፍጥነት፣ ሪቲውን ስፒድ፣ ከ30 እስከ 50 ይሁን። ዜሮ ላይ የሚወጣው የሮቦት ድምፅ ዛሬ በየሠርጉ ስለሚሰማ ደንበኛ ሊጠይቅ ይችላል፤ የጠየቀ ይሰጠዋል።

ያስቀየመን

ፈቃዱ በሁለት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፣ ማስነሻው ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዊንዶውስ ከመቀየራችሁ በፊት ፈቃዱን ከማሽኑ ላይ አውርዱ፤ አለዚያ ከሁለቱ አንዱ ተበልቶ ይቀራል።

ሶፍትዌሩ ጩኸት አያጸዳም፣ ይልቁንም ያጎላዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብና ደጅ የሚያልፈው ባጃጅ ከኖቱ ጋር አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ብቻውን ሲሆን የማይሰማ ጩኸት ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ጋቢና ፍራሽ ግድግዳ ላይ መስቀል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ዝናብ አያቆምም። ካፊያም ሲሆን ቀረፃውን ማቆም ነው።

በኤአርኤ ሳይሆን እያጫወቱ ያስገቡት ድምፅ የሚቀመጠው ትራንስፈርስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ፕሮጀክቱን ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ስቱዲዮ፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ፣ የሄደ ሰው እርማቱን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የታረመውን ትራክ ወደ 24 ቢት ዌቭ አውጡት፣ ያልታረመውን ዝም አሰኝታችሁ ከጎኑ አኑሩት። መብራት ድንገት ስለሚጠፋም የሪፐርን አውቶማቲክ ማስቀመጫ በየሁለት ደቂቃው እንዲሠራ አድርጉ፤ በኤአርኤ የተሠራው እርማት የሚቀመጠው ፕሮጀክቱ ሲቀመጥ ነው።