ጀሶ፣ ሽቦ፣ ፕሌት፣ ዘንግ ወይስ የውጭ ብረት? የአጥንት ስብራት ሕክምናዎች ንጽጽር

አጥንት ሲሰበር በሽተኛውም ቤተሰቡም ቶሎ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ብረት ይግባ ወይስ በጀሶ ይዳን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን መልስ የለውም። የትኛው አጥንት ነው? ቆዳው ተቀዷል? ስብራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቷል? የተጎዳው ሰው ዕድሜስ? ይህ ሳይታወቅ «ብረት ይሻላል» ማለትም «ጀሶ ይበቃል» ማለትም ግምት ነው።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚነሳ ራጅ ዓይን ይስባል። አጥንቱ ቀጥ ብሎ፣ ብሎኖቹ ተሰልፈው ሲታዩ ሰው «በቃ ዳነ» ይላል። እኔ ሕክምናን የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። ሰውየው መቼ ቆሞ ይሄዳል? እጁ ከዓመት በኋላ ምን ያህል ይሠራል? ተመልሶ ቀዶ ጥገና ክፍል የመግባት ዕድሉስ ምን ያህል ነው? በዚህ ሚዛን ሲታይ ምርጫው ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው ይለያል።

አጥንት እንዴት ይገጥማል?

ይህን ማወቅ ግማሹን ግራ መጋባት ያስቀራል። አጥንት በሁለት መንገድ ይገጥማል። አንደኛው፣ ስብራቱ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ እያለ ሰውነት ዙሪያውን አዲስ አጥንት ሲሠራ ነው። ሐኪሞች ካለስ ይሉታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራጅ ላይ እንደ ደመና ይታያል። ጀሶ፣ ዘንግ (አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ረጅም ብረት) እና የውጭ ብረት (ከቆዳ ውጭ የሚታሰር) በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚያድኑት። ሁለተኛው፣ የተሰበሩት ጫፎች ተጣብቀውና ተጨምቀው ምንም ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ነው። ይህንን የሚያደርገው አጥብቆ የሚይዝ ፕሌት (አጥንቱ ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ብረት) እና ብሎን ነው።

ስለዚህ ረጅም አጥንት መሀሉ ላይ ከተሰበረ ቁርጥራጮቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ ባይቀመጡም ችግር የለውም። ርዝመቱ፣ ቀጥታው እና መዞሩ ከተስተካከለ ይበቃል። መገጣጠሚያ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። የሚፋተገው ገጽ ደረጃ ከሠራ ልስላሴው እየተበላ ይሄዳል። የአዋቂ ክንድ ሁለቱም አጥንቶች ሲሰበሩም ሐኪሞች እንደ መገጣጠሚያ ነው የሚያዩት። ትንሽ ቢጣመሙ መዳፍን መገልበጥ ያስቸግራል። ስለዚህ እዚያ ፕሌት ተመራጭ ነው።

የእጅ አንጓ

ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመታል፤ አንጓው አጠገብ ይሰበራል። በጣም ከተለመዱት ስብራቶች አንዱ ነው። ምርጫው ሦስት ነው፦ አስተካክሎ ጀሶ ማሰር፣ አስተካክሎ በቀጭን ሽቦዎች መያዝ፣ ወይም ከፍቶ ፕሌት ማስገባት።

ብዙ ሰው «ፕሌቱ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ይሻላል» ብሎ ያስባል። ብሪታንያ ውስጥ 461 አዋቂዎች የተሳተፉበት፣ ድራፍት የተባለ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ፕሌት የገባላቸውና በሽቦ የተያዙት በእጅ አጠቃቀም ልዩነት አልነበራቸውም። በ2022 ተከታዩ ጥናት ደግሞ ሽቦን ከጀሶ ጋር አነጻጸረ። ከዓመት በኋላ አሁንም ልዩነት የለም! ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። በጀሶ ከጀመሩት ከ8 ሰው 1 ገደማ አጥንቱ ሸሽቶ በ6 ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና አስፈልጎታል። በሽቦ ከተያዙት ግን እንዲህ የሆነባቸው የሉም ማለት ይቻላል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? አጥንቱ ሳይከፈት ተጎትቶ ቦታው ከገባ በጀሶ መጀመር ጥሩ ምርጫ ነው። ሁኔታው ግን አንድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተመልሳችሁ ራጅ መነሳት አለባችሁ። ለክትትል መመለስ የማይችል ሰው ሽቦውን ቢመርጥ እኔ እረዳዋለሁ። ሽቦውም የራሱ ጣጣ አለው፤ የገባበት ቆዳ ሊቆጣ ይችላል፣ ከሳምንታት በኋላም ይወጣል። ፕሌት እጅን ቶሎ ለማንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ቶሎ ወደ ሥራ መመለስ ግድ ለሆነበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ጅማት እየፈተገ ሊያስቸግር፣ አንዳንዴም ሊበጥስ ይችላል። ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ገጹን ከለያየ፣ ወይም በመጎተት ቦታው አልገባ ካለ ደግሞ ይህ ሁሉ ንጽጽር አይሠራም፤ መከፈቱ አይቀርም።

ትከሻና ቁርጭምጭሚት

የትከሻውን ባጭሩ ልለፈው። የላይኛው የክንድ አጥንት ጫፍ ተሰብሮ ከቦታው በለቀቀባቸው 250 ሰዎች ላይ የተሠራው ፕሮፈር የተባለ ጥናት በ2015 ታተመ። በሁለት ዓመት ክትትል ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ክንዳቸው በማንጠልጠያ ከታሰረላቸው የተሻለ ውጤት አላገኙም። ለአብዛኛው በዕድሜ ለገፋ ሰው ማንጠልጠያና በጊዜ የተጀመረ ፊዚዮቴራፒ ይበቃል። ትከሻው ከወለቀ ወይም እንደ ኳስ ክብ የሆነው የአጥንቱ ራስ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁርጭምጭሚት የበለጠ ያስተምራል። በ2016 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ 620 ሰዎችን አካቷል። ግማሾቹ በፕሌትና ብሎን ታከሙ። ግማሾቹ በማደንዘዣ ተኝተው እግራቸው ላይ ልክክ ብሎ የተሠራ ጀሶ ታሰረላቸው። ከ6 ወር በኋላ አረማመዳቸው እኩል ነበር። ራጁ ላይ ግን የጀሶዎቹ ይበልጥ ተጣሞ ገጥሞ ታየ፤ 15 በመቶ ለ3 በመቶ። ቁስሉ የተበላሸባቸው ወይም ኢንፌክሽን የያዛቸው ደግሞ በቀዶ ጥገናው ወገን 10 በመቶ ሲሆኑ በጀሶው 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከጀሶዎቹ ከ5ቱ 1 ገደማ ቆይቶ ወደ ቀዶ ጥገና ተዛውሯል።

የስኳር በሽታ ላለበት፣ የእግሩ የደም ዝውውር ለደከመ፣ ቆዳው ለሳሳ አረጋዊ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ይናገራሉ። ለ25 ዓመት ወጣት ግን ይህን ጥናት አምጥታችሁ አትከራከሩ። ከፊቱ ብዙ አሥርት ዓመታት አሉ፤ የተጣመመ ቁርጭምጭሚት ይዞ ሊኖርባቸው አይገባም።

ጭን

እዚህ ንጽጽሩ አጭር ነው። የአዋቂ ጭን አጥንት መሀሉ ላይ ከተሰበረ ዘንግ ያሸንፋል። ሐኪሞች ኔይል ይሉታል፤ መቅኒው ባለበት የአጥንት ክፍተት ውስጥ የሚገባ ረጅም ብረት ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸር ዘዴውን በ1939 ሲጀምር ብዙዎች ተቃውመውት ነበር። ዛሬ ግን መደበኛው ሕክምና ነው።

ከዘንግ በፊት የነበረው አማራጭ ክብደት አንጠልጥሎ መጎተት ነው። በዚያ ሕክምና ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለሁለትና ሦስት ወር ከአልጋ አይነሳም። ጀርባው ይቆስላል፣ እግሩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሳንባው ይታመማል፣ ጉልበቱ ይደርቃል። እግሩም አጥሮ ሊገጥም ይችላል። ዘንግ የገባለት ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። መጎተት ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ሕመም ለማስታገስ ጥሩ ነው። ለአዋቂ ዋና ሕክምና ተደርጎ ሲቀርብ ግን «ዘንግ የማይገባልኝ ለምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ቀጥታ የሚያሳይ ራጅ ባይኖረውም የግድ አይከለክልም። ሳይን የተባለው፣ በ1999 የተቋቋመው ድርጅት የሚያቀርበው ዘንግ ያለዚያ ማሽን በውጭ መለኪያ እየተመራ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሕፃናት ከዚህ ይለያሉ። እስከ 5 ዓመት ገደማ ያለ ልጅ ከወገብ እስከ እግር በሚደርስ ጀሶ ጥሩ ይድናል። ከዚያ በላይ ላለው በአብዛኛው የሚተጣጠፍ ቀጭን ዘንግ ይገባል።

ቅልጥም፣ በተለይ ክፍት ስብራት

ከሁሉም ምርጫው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከፊት በኩል ከቆዳው በታች ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው አጥንቱ ቶሎ ወጥቶ የሚታየው፣ ለመግጠምም የሚዘገየው።

ቆዳው ካልተቀደደና ስብራቱ ብዙ ካልሸሸ ጀሶ ይሠራል። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ወራት ይፈጃል፣ በየጊዜው ራጅ ያስፈልጋል፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትም ይደርቃሉ። ዘንግ ከገባ ቶሎ መርገጥ ይቻላል፣ የመጣመም ዕድሉም ያንሳል። የሚከፈለው ዋጋ በጉልበት ፊት ለፊት የሚቆይ ሕመም ነው። ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ ተንበርክኮ የሚሠራ ወይም የሚጸልይ ሰው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ፕሌት እዚህ ተመራጭ የሚሆነው ስብራቱ ወደ ጉልበት ወይም ወደ ቁርጭምጭሚት ሲጠጋ ነው።

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ መጀመሪያ ስለ ብረት አታስቡ። መጀመሪያ አንቲባዮቲክ፤ ከተቻለ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ቀጥሎ ቁስሉን በደንብ ማጠብና የሞተውን ሥጋ ማውጣት። በ2015 የታተመው፣ ከ2,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ፍሎው የተባለ ጥናት በሳሙና ማጠብ ከተራ ሳላይን (ጨው ካለበት የሕክምና ውሃ) የባሰ መሆኑን አሳይቷል። በሳሙና የታጠቡት በብዛት ተመልሰው ቀዶ ጥገና አስፈልጓቸዋል። የውሃው ግፊት ግን ለውጥ አላመጣም። ውድ መሣሪያ የለም ተብሎ እጥበት የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ከዚያ በኋላ ነው «ዘንግ ወይስ የውጭ ብረት?» የሚለው የሚመጣው። የውጭ ብረት በቆዳ አልፎ አጥንት ውስጥ በሚገቡ ካስማዎች ላይ የሚታሰር ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ከ200 በላይ ክፍት የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን ሰዎች ያነጻጸረ ጥናት በ2020 ታተመ። ከዓመት በኋላ ሁለቱ በዋናው መለኪያ ጎልቶ አልተለያዩም። ዘንግ የገባላቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ኑሯቸው የተሻለ፣ አጥንታቸውም ይበልጥ ቀጥ ያለ ነበር። ስለዚህ ቁስሉ ንጹሕ ከሆነና ቆዳው መሸፈን ከቻለ እኔ ወደ ዘንግ አደላለሁ። ቁስሉ በጣም ከቆሸሸ፣ ቆዳው ከጠፋ፣ ወይም ሰውየው በሌላ ጉዳት በሞት አፋፍ ላይ ካለ ግን የውጭ ብረቱ ነው ትክክለኛው። ቶሎ ይታሰራል፣ ቁስሉን ለማጠብም መንገድ ይሰጣል።

አጥንት ጎድሎ ከሆነ የሶቪየቱ ሐኪም የጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ቀለበት አለ፤ እግሩን ዙሪያውን ከቦ አጥንቱን በካስማ የሚይዝ የውጭ ብረት ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ጤነኛው የአጥንት ክፍል ተቆርጦ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ በ4 ተከፍሎ፣ ቀስ እያለ ይሳባል። በክፍተቱ አዲስ አጥንት ይበቅላል። 5 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት መሳቡ ብቻ 50 ቀን ገደማ ነው። አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ግን ቀለበቱ ለብዙ ወራት እግር ላይ ይቆያል። የካስማዎቹን ዙሪያ ዘወትር ማጽዳት፣ ሕመሙን መቻል፣ የሚያግዝ ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። ይህን ቤተሰቡ ቀድሞ ተነጋግሮበት ይግባ።

በየትኛውም ምርጫ ግን ይህን አትርሱ፦ ቅልጥም ከተሰበረ በኋላ እግሩ ድርቅ ብሎ ካበጠ፣ ሕመሙ በማስታገሻ አልመለስ ካለ፣ ጣቱን ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ጡንቻው ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ለማዳን ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው።

የአረጋውያን የዳሌ ስብራት

የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ከቦታው ሲለቅ ወደ ኳሱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ በአረጋዊ ሰው ላይ በብሎን ማሰር ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ በሰው ሠራሽ መቀየሩ ይሻላል። ግማሽ ቅያሬ (ኳሱ ብቻ) ወይስ ሙሉ (ኳሱም የሚገባበት ጎድጓዳም)? በ2019 ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም ቀዶ ጥገና ላይ ልዩነት አላገኘም። ሙሉ ቅያሬው በእንቅስቃሴ በጥቂቱ የተሻለ ቢሆንም የመውለቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከስብራቱ በፊት በራሱ እየወጣ እየገባ ለነበረ ጠንካራ ሰው ሙሉው ይታሰብ። ከቤት ለማይወጣ ግማሹ ይበቃዋል። ግማሽ ቅያሬ ከሆነ በሲሚንቶ የሚያዘው ይመረጣል። በ2022 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ሲሚንቶ የተደረገላቸው የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው፣ በብረቱ ዙሪያ እንደገና መሰበርም እንዳነሰ አሳይቷል።

ከምርጫው ይልቅ መዘግየቱ ይጎዳል። እናታችሁ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀናት ካሳለፈች በየትኛው ብረት ብትታከም መነሳቱ ይከብዳታል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና፣ በማግስቱም ከአልጋ መነሳት ይጠየቅላት። አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒትም ሳይጀመርላት ከሆስፒታል አትውጣ። አንዴ የተሰበረ ዳሌ የሌላኛውንም ስጋት ይጨምራል።

ብረቱ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አዋቂ ላይ የማያስቸግር ብረት መውጣት የለበትም። ማውጣቱ ራሱ ቀዶ ጥገና ነው፣ ማደንዘዣና የኢንፌክሽን ስጋት አለው። በክንድ ላይ ደግሞ ነርቭ በብረቱ አጠገብ ስለሚያልፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብሎኑ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ ድረስ አጥንቱ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከወጣ በኋላ ለወራት ኳስ መጫወትና ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድም። ቆዳ ሥር የሚጎረብጥ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ወይም የላላ ከሆነ ይውጣ። ለልጆች የገባው የሚተጣጠፍ ዘንግ ግን አጥንቱ በደንብ ከገጠመ በኋላ በአብዛኛው ይወጣል።