ፕሮቲንን በሲሊካ ማተም፦ ከውስጥ ይሻላል ከላይ?

ፕሮቲኑን አስቀምጠን ሲሊካውን (የአሸዋና የመስታወት ዋና ቁስ ነው) በዙሪያው እናጠነክራለን፤ ከዚያ ፕሮቲኑን አጥበን እናወጣለን። የሚቀረው ጎድጓዳ ያንኑ ፕሮቲን መልሶ ይይዛል።

አንደኛው መንገድ ሁሉንም ደባልቆ አንድ ላይ ማርጋት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ላይሶዛይም ከትናንሾቹ ፕሮቲኖች አንዱ ሆኖ እንኳ ርዝመቱ ወደ 4.5 ናኖሜትር ይደርሳል። በጠባብ ቀዳዳዎች መሃል ከተቀበረ በዋዛ አይወጣም። ቢወጣም ተመልሶ ለመግባት ጊዜ ይፈጃል።

ሌላው፣ ፕሮቲኑን በሲሊካ ቅንጣት ገጽ ላይ አስይዞ ዙሪያውን በስስ ሽፋን መክበብ ነው። ጎድጓዳው ደጅ ላይ ስለሚሆን ማጠቡም መያዙም ይፈጥናል። ጭንቁ የሽፋኑ ውፍረት ነው። ከወፈረ ፕሮቲኑ ይቀበራል፤ ከሳሳ ቅርጹ በቅጡ አይታተምም።

ሁለቱም የሚጋሩት ጣጣ አለ። ሲሊካውን ለመሥራት ብዙ ጊዜ መነሻ የሚሆነው ፈሳሽ፣ ቴትራኤቶክሲሲሌን፣ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ኤታኖል ይለቃል፤ ኤታኖሉ ሲበዛ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያበላሻል። የተበላሸ ቅርጽ ከታተመ ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው።

እኔ ለፕሮቲን ያለ ማመንታት የገጽ ላይ ሕትመትን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ለትናንሽ ሞለኪውሎች ይሁን። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ያለ ፕሮቲን የተሠራ አቻ ጎን ለጎን ለኩ፤ ባዶ ሲሊካም ፕሮቲን ይስባል።