«የአውሮፕላን ሞተር ነው» እየተባለ ለሚሸጠው ሮታሪ ሞተር ሳትፈትሹ ብር አትላኩ

ጅማ ውስጥ በግቢያችሁም ሆነ በብየዳ ቤት ጥግ ትንሽ አውሮፕላን እየገጣጠማችሁ ላላችሁ ሁሉ ይድረስ።

ሽያጩ በስልክ ነው የሚጀምረው። ደላላው «ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፣ ቀላል ነው፣ ከ230 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ግማሹን ላኩና በአይሱዙ እንጫንላችሁ» ይላል። ዕቃው ሲራገፍ ማዝዳ አር ኤክስ 8 ከሚባል መኪና የወረደ፣ 13ቢ የሚባል ሮታሪ ሞተር ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በውጭ አገር በእጅ በተሠራ አውሮፕላን ላይ ገጥመው የሚበሩበት አሉ። ክፋቱ፣ ያለቀው ከደህናው በዓይንም በድምፅም አለመለየቱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለው የተለመደ ኮምፕሬሽን ጌጅም (ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት የሚለካው) ያታልላል።

«ሮታሪ እኮ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሞተር ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስም አምታቶበታል። የዚያ ዘመኑ ሮታሪ ሲሊንደሮቹ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው የሚሽከረከሩ የፒስተን ሞተር ነበር። ይኼኛው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያመነጨው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ሌላ ሞተር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው።

ስለ ጉልበቱም ልክ እንነጋገር። በወረቀት ላይ ያለው 231 የፈረስ ጉልበት የሚገኘው በደቂቃ 8,200 ዙር ላይ፣ ያውም በባሕር ጠለል አየር ነው። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 81 በመቶ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ጉልበቱን እዚሁ ይጥላል። በዚያ ላይ ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት አይዞርም። ዳር እስከ ዳር 1.8 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በ6,000 ዙር ቀጥታ ቢታሰር ጫፉ በሰከንድ 565 ሜትር ይሄዳል፤ ድምፅ ራሱ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ዙሩን ወደ 2,700 አካባቢ የሚያወርድ የማርሽ ሳጥን ግድ ነው። «ፕሮፔለሩን ቮላኖው ላይ እሠሩት» የሚል ሰው ከዙሩ ሌላ የረሳው ነገር አለ፦ የዚህ ሞተር ዘንግ የፕሮፔለርን ስቦሽ እንዲሸከም አልተሠራም። ሁለት ጥርሶች በቀጥታ የሚነካከሱበት ሳጥን ደግሞ ዙሩን ይገለብጣል፤ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው የሚዞር ዓይነት መሆን አለበት። ሳጥኑ በዋጋው ውስጥ ከሌለ ገና ግማሽ ሞተር ነው የገዛችሁት።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዚህ ሞተር ውስጥ በፒስተን ፈንታ ሁለት ሮተሮች ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊት አለው፤ በሦስቱ ጫፎቹ ላይ የፋሻን ሥራ የሚሠሩ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተቀምጠዋል። ተራው ጌጅ ጫፉ ላይ ግፊቱን ይዛ የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ ስላለችው የሚያሳየው ከሦስቱ ፊቶች የበረታውን ብቻ ነው። አንዱ ፊት ደህና ከሆነ ሁለቱ ቢሞቱም መርፌው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሻጩም ፎቶ አንስቶ ይልክላችኋል።

ስለዚህ በትክክል ለመለካት እንዲህ አድርጉ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ አውጡ፣ የአራቱንም ኮይል ሶኬት ንቀሉ፣ የአየር መግቢያውን ክዳን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ያዙ። የአንዱን ሮተር ሁለቱንም ካንዴላ ፍቱና ሞተሪኖውን ለአምስት ሰከንድ አዙሩ፤ ጆሯችሁን ስጡት። «ፑሽ፣ ፑሽ፣ ፑሽ» እኩል ከሆነ ጥሩ ነው፤ በየሦስተኛው የሚጎድል ትንፋሽ ካለ አንዱ ፊት የለም ማለት ነው። ቀጥሎ አንዱን ካንዴላ መልሱ፣ በሌላው ቀዳዳ ጌጁን እሠሩ። የጌጁን ቫልቭ ፍቱና መርፌው ሲዘል በስልክ ቀርጻችሁ በዝግታ እዩት፤ ሦስቱ ዝላዮች መመሳሰል አለባቸው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ፊቶች ከደከሙ በመካከላቸው ያለው አፔክስ ሲል ተሰብሯል ወይም አልቋል፤ አንድ ሲል ለሁለት ፊት ነውና የሚያገለግለው። አንድ ፊት ብቻ ከደከመ ግን በሮተሩ ጎን ላይ ያለውን የጎን ሲል ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ በካርቦን ተጣብቆ ነው።

ቁጥር ከፈለጋችሁ፣ ለዚህ ሞተር በደቂቃ 250 ዙር ላይ ዝቅተኛው 6.8 ባር ነው። በሦስቱ ፊቶች መካከል ከ1.5 ባር፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት አይፈቀድም። ይህ የባሕር ጠለል ልክ ስለሆነ ጅማ ላይ 5.5 ባር፣ አዲስ አበባ ላይ 5.1 ባር አካባቢ ይሆናል። ቫልቩ ያልወጣለት ጌጅ እንኳ ከዚህ በታች ካነበበ ምርመራው እዚያው አበቃ። እዚህ ላይ «ከፍታው ነው» የሚባል ማምለጫ ይመጣል። ከፍታ ሦስቱንም ፊት እኩል ነው የሚያወርደው፤ አንዱን ለይቶ አይጎዳም።

በካንዴላ ቀዳዳ ዘይት ጨምሮ ያለቀን ሲል ለጊዜው ማስጠበቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ካንዴላዎቹ በዘይት ርሰው ከወጡ ሞተሩን ሳትለኩ ደጋግማችሁ አዙሩት (ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ)፣ ከዚያ ለኩ። ንባቡ ከወረደ መልሱን አገኛችሁ።

ሻጭ የሚያሳያችሁ ሁልጊዜ በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው። እናንተ ግን ሙቀቱ ልኩ ላይ እስኪደርስ አስነሥታችሁ አቆዩት፣ አጥፉት፣ 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና አስነሡ። ኮምፕሬሽኑ ያለቀ ሮታሪ በቀዝቃዛው ይነሣል፣ ሲሞቅ እምቢ ይላል። በአየር ላይ የጠፋ ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ የሞቀ ሞተር ነው።

አንዴ የፈላ ሞተርም ራሱን ያጋልጣል። ጎኖቹ ብረት፣ የሮተሩ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ ሲግል እኩል አይሰፋም፤ በመካከል ያሉት የውሃ ሲሎች ይሞታሉ። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ መብዛቱን፣ ራዲያተሩ ክዳኑ ተከፍቶ አረፋ መትፋቱን ተመልከቱ። ክዳኑን ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቀዝቃዛ እያለ ክፈቱት።

«ቢበላሽ ይታደሳል» ለሚለው፦ የሮተሩ ቤት ውስጠኛው ገጽ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ ከተላጠ እንደ ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት የለም፤ ቤቱ በሙሉ ይቀየራል። ያ ዕቃ ደግሞ ሶማሌ ተራ ስትዞሩ ብትውሉ የምታገኙት አይደለም።

አብረው መምጣት ያለባቸው ዕቃዎች ኮምፒውተሩ ከቁልፉና ከሙሉ ሽቦው ጋር፣ አራቱ ኮይሎች፣ የዘይት ራዲያተሩ (ከሚወጣው ሙቀት ሲሶ ያህሉ በዘይት ነው የሚሄደው) እና ሲሎቹን የሚያለሰልሰው የዘይት መርጫ ፓምፕ ናቸው። ፓምፑ ከሌለ ወይም በሌላ ኮምፒውተር የማይታዘዝ ከሆነ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ትቀላቅላላችሁ፤ ያለዚያ ሲሎቹ ደርቀው ያልቃሉ። የታችኛውና የላይኛው ካንዴላ ዓይነታቸው ይለያያል፤ አንዱን በሌላው ቦታ አትሠሩ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የሞተሩ ቁጥር፣ የስድስቱ ፊቶች ንባብና የትኛው ከተማ እንደተለካ በውሉ ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ የማይቆርጥ ሻጭ ከሆነ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቅሳችሁ ለማመልከት ማስረጃ አይኖራችሁም። ከዋጋው ቢያንስ ግማሹ፣ ሞተሩ ከመኪናው ወርዶ ጅማ ላይ ሞቆ እንደገና እስኪነሣ ድረስ እጃችሁ ላይ ይቆይ። በዚህ ከማይስማማ ሻጭ ጋር የምትነጋገሩት በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው።